የሀይቴክ ጓዳ፦ ዩኒክስና የመልእክት ወረፋ ለልጆቻችን ምን በር ይከፍታሉ?

በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራ፣ በያቭኔና በቤኤር ቱቪያ አካባቢ በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ዘንድ አንድ ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። ልጃችን ከጦር ሠራዊት ሲሰናበት ምን ይማር? ከየአቅጣጫው የሚሰማው መልስ «ሀይቴክ ይግባ» የሚል ነው። ሀይቴክ ማለት ምን እንደሆነ፣ በውስጡም ስንት ዓይነት ሥራ እንዳለ የሚያብራራ ሰው ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ወላጅ ሀይቴክ ሲባል የሚታየው ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ስሙ እምብዛም የማይነሣውን የሀይቴክ ጓዳ ነው። ይኸውም በትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው መልእክት የሚያመላልሰውን ሶፍትዌር፣ ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ ተክሎ፣ ጠብቆና አስተካክሎ የማስተዳደር ሥራ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በእስራኤል ሀይቴክ ውስጥ ለጀማሪዎች የሚከፈተው በር እየጠበበ መጥቷል። ቀድሞ ለጀማሪ ፕሮግራመር ይሰጥ ከነበረው ሥራ ከፊሉን ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራዋል። በአቅራቢያችንም ቢሆን በቂርያት ጋት የሚገኘው የኢንቴል ፋብሪካ ሊያካሂደው የነበረው ትልቅ ማስፋፊያ በ2024 መዘግየቱ ተዘግቧል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ወጣት ከሠራዊት ሲወጣ የሚያገኘውን የፒካዶን ገንዘብ ሰው ሁሉ በሚሮጥበት ኮርስ ላይ ካዋለና ሥራ ካላገኘ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም። ገንዘቡም ጊዜውም የቤተሰብ ነው። ስለሆነም ሌሎች በሮች መኖራቸውን ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

አደራ ተቀባዩ ሶፍትዌር

ይህ ሶፍትዌር ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎንደር ገጠር ስልክ ባልነበረበት ዘመን አንድ ሰው ለዘመዱ ደብዳቤ ሲልክ ወደ ገበያ ለሚወርድ መንገደኛ አደራ ብሎ ይሰጠው ነበር። ተቀባዩ ቤቱ ካልተገኘ ደብዳቤው ለታመነ ጎረቤት ይተዋል። ላኪው ቆሞ አይጠብቅም፤ ወደ ሥራው ይመለሳል። ተቀባዩም በመጣ ጊዜ ደብዳቤውን ያገኘዋል። በመካከል ያለው ሰው የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አደራውን እንዳይበላ።

በትልልቅ ድርጅቶች ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። አንዲት እናት በያቭኔ ኩፓት ሆሊም ደም ትሰጣለች እንበል። የላቦራቶሪው ኮምፒዩተር አንድ ነው፣ የሐኪሙ ኮምፒዩተር ሌላ ነው፣ የሒሳብ ክፍሉ ደግሞ ሦስተኛ ነው። እነዚህ በተለያየ ዘመንና በተለያየ ኩባንያ የተሠሩ በመሆናቸው በቀጥታ አይነጋገሩም። ስለዚህ በእንደዚህ ያሉ ተቋማት ውጤቱ በመልእክት መልክ ተጠቅልሎ ወደ አንድ ወረፋ ይገባል። የሐኪሙ ሥርዓት ለጥገና ቆሞ ቢሆን እንኳ መልእክቱ ወረፋው ላይ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው ክፍል የወረፋ ሥራ አስኪያጅ፣ በባለሙያዎች አጠራር «ኪው ማኔጀር» ይባላል። ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ደግሞ «ቻነል» ይባላል። ሶፍትዌሩ በሁለት ፕሮግራሞች መካከል የሚቆም በመሆኑ «ሚድልዌር» የሚል ስም ወጥቶለታል።

በዚህ ረገድ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ የአይቢኤም ምርት ነው። በ1993 «ኤምኪው ሲሪስ» በሚል ስም ወጣ፤ በ2002 «ዌብስፊር ኤምኪው» ተባለ፤ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ «አይቢኤም ኤምኪው» ይባላል። በባንኮች፣ በኢንሹራንስ ኩባንያዎችና በመንግሥት ተቋማት በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ከእርሱ በኋላ በነፃ የሚገኙ ሌሎችም መጥተዋል፤ ከእነዚህም በ2007 የወጣው «ራቢት ኤምኪው» እና በ2011 ሊንክድኢን ለሕዝብ የለቀቀው «ካፍካ» ይገኙበታል። ይሁንና አንድ ትልቅ ባንክ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የሠራበትን ነገር በአንድ ቀን አይጥልም። አሮጌው ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይኖራል፤ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ አይደለም።

የጓዳው ሥራ ሲበላሽ

የጓዳ ሥራ ሲሠራ ማንም አያየውም፤ ሲበላሽ ግን አገር ያውቀዋል። በሰኔ 2012 በብሪታንያ የሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ቡድን የሥራዎችን ተራ የሚያስይዝ ሶፍትዌር ሲያድስ ሥራው ተበላሸ። ከ6 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ደንበኞች ገንዘባቸውን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ አልቻሉም፤ የቡድኑ አካል የነበረው የአልስተር ባንክ ደንበኞች ደግሞ ለሳምንታት ተቸገሩ። በ2014 ተቆጣጣሪዎቹ ባንኩን በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ያ ሶፍትዌር የመልእክት ወረፋ ባይሆንም የዚሁ የጓዳ ቤተሰብ ነው፤ ደንበኛ ፈጽሞ የማያየው፣ ግን ሁሉ ነገር የተደገፈበት።

በኢትዮጵያም በመጋቢት 2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ለተወሰኑ ሰዓታት በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ችግሩ ከውጭ በተሰነዘረ ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቆ ገንዘቡን ለማስመለስ ብዙ ደክሟል። ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው በመካከል ያለውን ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው የሚከፈለው ስለሚታይ ሳይሆን ስለሚያስፈልግ መሆኑን ነው። ይህም ለአንድ ሠራተኛ ትንሽ ዋስትና አይደለም።

እንግዳው መድረክ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ዊንዶውስን ብቻ የሚያውቅ ወጣት ዩኒክስ ላይ ተቀምጦ ይህን ሶፍትዌር ማስተዳደር ሊማር ይችላልን? ዩኒክስ በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረ ሥርዓት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ዓይነት ሠራ። አይቢኤም በ1986 «ኤአይኤክስ»ን አወጣ፤ ሳን «ሶላሪስ»ን፣ ሂውሌት ፓካርድ ደግሞ «ኤችፒ ዩኤክስ»ን ሠሩ። ሊኑክስም ከ1991 ጀምሮ በዚሁ መንገድ የተሠራ የቅርብ ዘመድ ነው።

እነዚህ ሥርዓቶች እንደ ሴም ቋንቋዎች እህትማማች ናቸው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ዕብራይስጥ ሲማር «ባይት» ቤት፣ «ሮሽ» ራስ መሆኑን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ነገር ግን «ማ» በአማርኛ ሰውን፣ በዕብራይስጥ ግን ነገርን የሚጠይቅ መሆኑን ካላወቀ ይሳሳታል። በዩኒክስም እንዲሁ ነው። ፋይል የሚዘረዝረው፣ ማህደር የሚቀይረው፣ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው ትእዛዝ በሁሉም አንድ ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ትእዛዝ ግን ስሙ አንድ ሆኖ ሥራው ሌላ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንስጥ። «ኪልኦል» የሚባለው ትእዛዝ በሊኑክስ ላይ በስም የተጠራውን ፕሮግራም ብቻ ያቆማል። በኤአይኤክስ ላይ ግን ተጠቃሚው ራሱ ያስነሣቸውን ሥራዎች በሙሉ ያቋርጣል። በሶላሪስ ላይ ደግሞ የበላይ አስተዳዳሪው ሲያዝዘው ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሥራ ሁሉ ያቆማል። ከሊኑክስ የመጣ ሰው በልማድ ቢጽፈው የአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆን የባንኩ ሁሉ ሥራ ሊቆም ይችላል። እንግዳ መድረክ ላይ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ሕጉ ስለዚህ ግልጽ ነው፤ ማናቸውንም የሚያቆም ወይም የሚያጠፋ ትእዛዝ ከመጻፍህ በፊት የዚያን ሥርዓት የራሱን መመሪያ ክፈትና አንብብ። መመሪያው እዚያው ሰርቨሩ ላይ አለ።

ዛሬ ብዙ ወጣቶች ይህን ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እየጠየቁ ያልፉታል። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ በተለይ ከባዱን እንግሊዝኛ ለማቃለል። ነገር ግን በዓለም ላይ ከተጻፈው አብዛኛው ስለ ሊኑክስ በመሆኑ ስለ ኤአይኤክስ ተጠይቆ የሊኑክስ መልስ ሊሰጥ ይችላል። መልሱ ትክክል ይመስላል፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። የማስታወሻውን ይዞታ የሚያሳየው «ፍሪ» የተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ በኤአይኤክስ ላይ የለም፤ የአሠራሩን ጫና ለማየት በሊኑክስ «ቶፕ» የሚለውም በኤአይኤክስ «ቶፓስ» ነው። ስለሆነም መልሱን ከመመሪያው ጋር የሚያስተያይ ሰው አሁንም ያስፈልጋል።

ትምህርቱ በእጅ ሲሆን

እስቲ አንዲት የገዴራ ወጣት በአንድ ድርጅት የኮምፒዩተር ድጋፍ ክፍል ትሠራ ነበር፣ አሁን ግን የመልእክት ሰርቨሩን እንድትከታተል ተመደበች እንበል። ሰርቨሩ ኤአይኤክስ ነው። ማውስ የለም፣ ሥዕል የለም፤ ጥቁር መስኮትና ትእዛዝ ብቻ ነው። ከየት ትጀምር?

አንደኛ፣ በቤቷ ተራ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ ትጫን። አይቢኤም ለመማሪያና ለሙከራ የሚሆን የኤምኪው ቅጂ በነፃ ይሰጣል። ኤአይኤክስ ራሱ ግን «ፓወር» በሚባለው የአይቢኤም ማሽን ላይ ብቻ ስለሚሠራ ቤት ውስጥ የሚገኝ ነገር አይደለም። ሆኖም የኤምኪው ትእዛዞች በሁለቱም ላይ አንድ ናቸው። የሚለየው አጫጫኑና ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ማህደር ነው፤ በሊኑክስ «ኦፕት» በሚባለው ሥር ሲሆን በኤአይኤክስ «ዩኤስአር» በሚባለው ሥር ነው። ወረፋዎቹና የስሕተት መዝገቦቹ ግን በሁለቱም «ቫር» በሚባለው ሥር ይገኛሉ። ስለዚህ ዘጠኝ እጁን ቤት ተምራ አንዱን እጅ ሥራ ቦታ ልትጨምር ትችላለች።

ሁለተኛ፣ የአደራን ፈተና በእጇ ትፈትን። አንድ የወረፋ ሥራ አስኪያጅ ትፍጠር፣ ታስነሣው፣ አንድ ወረፋ ትክፈትለት፣ ከሶፍትዌሩ ጋር በሚመጣው የናሙና ፕሮግራም አንድ መልእክት ታስገባ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ታቁመውና እንደገና ታስነሣው። መልእክቱ አለ ወይስ የለም? ብዙ ጀማሪዎች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው፤ የለም። ወረፋው ሲከፈት የተለየ ነገር ካልተነገረው፣ ላኪው ፕሮግራምም ካልገለጸ፣ መልእክቱ «ቋሚ ያልሆነ» ተብሎ ይያዛልና ሥራ አስኪያጁ ሲነሣ ይጠፋል። ወረፋውን «ቋሚ» ብላ ደግማ ብትሞክር መልእክቱ ይጠብቃታል። ይህን በዓይኗ ያየች ልጅ አሥር ገጽ ካነበበ ሰው የበለጠ ትምህርቱ ገብቷታል።

ሦስተኛ፣ የስሕተት ቁጥሮችን ትልመድ። ሶፍትዌሩ ሲያቅተው ቁጥር ይሰጣል። 2035 ፈቃድ የለህም ማለት ነው። 2059 የወረፋ ሥራ አስኪያጁ አልተገኘም ወይም አልተነሣም ማለት ነው። 2085 በዚህ ስም የሚጠራ ወረፋ አላውቅም ማለት ነው። 2053 ወረፋው ሞልቷል ማለት ነው፤ ሌላ ካልተወሰነለት በቀር አንድ ወረፋ የሚይዘው 5,000 መልእክት ነው። 2033 ደግሞ የሚነበብ መልእክት የለም ማለት ሲሆን ብዙ ጊዜ ጨርሶ ስሕተት አይደለም። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚከፈተው የስሕተት መዝገብ ነው። መዝገቦቹ 01፣ 02 እና 03 ተብለው ሦስት ናቸው፤ አዲሱ ወሬ ያለው ሁልጊዜ 01 ላይ ነው።

2085 የሚለውን በተመለከተ ለእኛ ሰዎች አንድ ማስታወሻ እንጨምር። በእኛ ፊደልም ሆነ በዕብራይስጥ ትልቅና ትንሽ ሆሄ የሚባል ነገር የለም። በዩኒክስ ላይ ግን በትልቁ የተጻፈና በትንሹ የተጻፈ ስም ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ከዚህም በላይ በኤምኪው የትእዛዝ መስኮት ውስጥ ስሙን በነጠላ ጥቅስ ካላጠሩት በትንሹ የጻፉትን ወደ ትልቁ ይለውጠዋል። ስለዚህ ወረፋውን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ስሙንም አውቀዋለሁ፣ አላውቀውም የሚለኝ ለምንድን ነው ብሎ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሰው አለ። መልሱ አንዲት ጥቅስ ናት።

አራተኛ፣ ዲስኩን ትጠብቅ። የሚመጣውን የሚመዘግበው ሎግ ሁለት ዓይነት አያያዝ አለው። አንደኛው ክብ ነው፤ የቆየውን እየሻረ በዚያው ቦታ ይጽፋል። ሁለተኛው ቀጥተኛ ነው፤ እየጨመረ ይሄዳል። ቀጥተኛው ዲስክ ቢበላሽ እንኳ መልእክቱን ለማዳን ያስችላል፤ ነገር ግን አሮጌውን የሚያነሣለት ካልተዘጋጀ ዲስኩን ሞልቶ ሥራውን ሁሉ ያቆማል። የትኛው እንደተመረጠ ማወቅ የአስተዳዳሪው የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ መከላከያውን አታንሣ። በ2011 ከወጣው ከ7.1 ጀምሮ ሶፍትዌሩ ከሩቅ በአስተዳዳሪ ስም የሚመጣን ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ይከለክላል። ስለዚህ ጀማሪው መጀመሪያ የሚገጥመው 2035 ነው። ምክር ፍለጋ ሲወጣ «መከላከያውን ዝጋው» የሚል መልስ በብዛት ያገኛል። ለቤት ሙከራ ይሁን፤ በሥራ ቦታ ግን የቤቱን በር ነቅሎ ቁልፍ የመፈለግን ችግር እንደመፍታት ነው። ትክክለኛው መንገድ ለዚያ ፕሮግራም የተለየ ተጠቃሚ ከፍቶ የሚያስፈልገውን ያህል ፈቃድ ብቻ መስጠት ነው።

በመጨረሻም ኤአይኤክስ ላይ ለተቀመጠ ጀማሪ ጥሩ አስተማሪ የሆነ መሣሪያ አለ። «ስሚት» ይባላል። በምናሌ የሚሠራ ሲሆን ከመፈጸሙ በፊት ኤፍ 6 የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ከምናሌው በስተጀርባ ያለውን ትእዛዝ ያሳያል። በየቀኑ አንድ ትእዛዝ ከዚያ ገልብጦ በደብተር የሚጽፍ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ መድረኩ እንግዳ አይሆንበትም።

እውነተኛው እንቅፋት

ከላይ እንደተመለከትነው ትምህርቱ ከባድ ቢሆንም ከሰው አቅም በላይ አይደለም። ጥንቃቄ፣ ትዕግሥትና የማንበብ ልማድ ይጠይቃል። እንግዳ አገር ገብቶ ቋንቋውን፣ ሥርዓቱንና የምስራዱን ወረቀት ሁሉ እንደ አዲስ የተማረ ኅብረተሰብ እንግዳ መድረክ አያስፈራውም። ታዲያ ልጆቻችን እዚህ ቦታ ላይ በብዛት የማይታዩት ለምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት የሚለማመዱበት ማሽን ማጣት ነው። በፋብሪካና በጽዳት ሥራ ልጆቹን በሚያሳድግ ቤት ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር ካለ ለሁሉም ልጆች ነው፤ ሰርቨር ልጫንበት ብሎ የቤት ሥራቸውን የሚያጠፋባቸው ወንድም አይወደድም። ሁለተኛው እንግሊዝኛ ነው። ዝርዝር የሆነው የቴክኒክ ጽሑፍ በዋናነት የሚገኘው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በባግሩት የእንግሊዝኛ ደረጃው ዝቅ ያለ ልጅ በሩ ላይ ይቀራል። ሦስተኛውና ከባዱ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ጎረቤቱ ወይም አጎቱ በባንክ ኮምፒዩተር ክፍል የሚሠራ ልጅ ይህ ሥራ መኖሩን በምሳ ሰዓት ይሰማል፤ የእኛ ልጅ ግን የሥራውን ስም እንኳ ሳይሰማ ያድጋል። ሰው ደግሞ ስሙን ለማያውቀው ሥራ አያመለክትም።

ይህ ማለት መድልዎ የለም ማለት አይደለም። በጥር 2012 በቂርያት ማላኪ ነዋሪዎች ለእኛ ሰዎች ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚለው ዜና ከተሰማ በኋላ የተደረገውን ሰልፍ የምንረሳው አይደለም። ዲግሪ ይዘው ከዲግሪያቸው በታች በሆነ ሥራ የሚውሉ ወጣቶች መኖራቸውም የታወቀ ነው። ሆኖም ግን የተዘጋውን በር ማንኳኳት አንድ ነገር ነው፤ ክፍት የሆነውን በር አለማየት ደግሞ ሌላ ነው። ለሁለተኛው መፍትሔው በእጃችን ነው።

መንገዱ ያልተሞከረም አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሸር ኤልያስ ከባልደረቦቹ ጋር በኪቡትስ ናኽሾን የጀመረው፣ በኋላም ወደ ሎድ የተዛወረው «ቴክ ካሪየራ» የኢትዮጵያ ተወላጅ ወጣቶችን ለሀይቴክ ሥራ በማሠልጠን ይታወቃል። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ወጣት በተግባር ሥልጠና ወደ ሙያው ሊደርስ እንደሚችል በሥራ አሳይቷል። እንግዲህ የሚቀረው ከፕሮግራም መጻፍ ጎን ይህን የጓዳ ሙያም ማስታወስ ነው።

ሳይሸፋፈን የሚነገር

ነገሩን ከልክ በላይ ማሳመር ደግሞ ሰውን መጉዳት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሳይሸፋፈኑ ይነገሩ።

የመጀመሪያው፣ አሮጌዎቹ የዩኒክስ ዓይነቶች እየቀነሱ ነው። የኤችፒ ዩኤክስ መደበኛ ድጋፍ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ሶላሪስ በ2010 ከሳን ጋር ወደ ኦራክል ከገባ በኋላ ተዳክሟል። የቅርብ ጊዜዎቹ የአይቢኤም ኤምኪው ቅጂዎች ለሁለቱም አይወጡም። ኤአይኤክስና ሊኑክስ ግን ቀጥለዋል። ስለዚህ ዛሬ የሚጀምር ሰው መሠረቱን በሊኑክስ ላይ ያኑር፤ ኤአይኤክስን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይያዘው። ወረፋ፣ ቻነል፣ ሎግ፣ ፈቃድ የሚሉት ሐሳቦች ከመድረክ መድረክ አብረውት ይሄዳሉ።

ሁለተኛው፣ ማንም ድርጅት ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን የባንክ መልእክት ሰርቨር አያስረክበውም። የሚገባው በድጋፍ ክፍል ወይም ሰርቨሮችን ሌት ተቀን በሚከታተል ክፍል በኩል ነው። እዚያ ሳለ የሊኑክስና የወረፋ እውቀት ያለው ሠራተኛ ቦታ ሲከፈት ቀድሞ ይታያል። በሠራዊቱም ቢሆን ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ምድብ ያገኘ ልጅ ጥሩ መነሻ አለው፤ ስለሆነም ወላጆች ልጆቻቸው ለምድብ ፈተና ሲጠሩ ነገሩን ቀለል አድርገው እንዳያዩት እንመክራለን።

ሦስተኛው የሰንበት ጉዳይ ነው። ሰርቨር አይተኛም፤ ማሻሻያ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ደንበኛ በማይኖርበት ሌሊትና በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ሠራተኞች «ኮኔኑት» የሚባለውን ተራ ይይዛሉ፤ በተራቸው ስልክ ሲጠራ ይነሣሉ። ሰንበት የሚያከብር ሰው ይህን ከመቀጠሩ በፊት ግልጽ አድርጎ መጠየቅና ተራውን በሌላ ቀን እንዲያካክስ መስማማት ይገባዋል። ተቀጥሮ ከገባ በኋላ ከሚነሣ ጭቅጭቅ አስቀድሞ የተነገረ ቃል ይሻላል። በሌላ በኩል ይህ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከቤት ሆኖ በሩቅ ሊሠራ መቻሉ ከከተማ መሀል ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ትልቅ ጥቅም ነው። ቢሮ መሄድ ሲያስፈልግም በ2018 የተከፈተው የቂርያት ማላኪ ዮአቭ የባቡር ጣቢያና የያቭኔ ሁለት ጣቢያዎች መንገዱን አቅልለዋል።

ምን እናድርግ?

ለዚህ ጉዳይ አዲስ ሕንፃም ሆነ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በየከተማው ማትናስ አለ። በሳምንት ሁለት ምሽት አንድ ክፍል ቢፈቀድና ጥቂት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ቢገኙ ሊኑክስና የኤምኪው ነፃ ቅጂ ይጫንባቸዋል። አምስት ስድስት ወጣቶች ሆነው ይለማመዱ፤ አንዱ ሆን ብሎ ያበላሽ፣ ሌላው መዝገቡን አንብቦ ያስተካክል። ኤአይኤክስን ለማየት ጊዜው ሲደርስ በአይቢኤም የደመና አገልግሎት ላይ በሰዓት እየተከፈለ መከራየት ይቻላል፤ ወጪው ለብዙ ሰው ሲካፈል ይቀላል። በገዴራ ሻፒራ ሰፈር ወጣቶቻችን ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተሰባስበው የሰፈራቸውን ልጆች ሲረዱ ቆይተዋል፤ የመሰባሰቡ ልምድ አለን ማለት ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ ብዙ አይጠበቅባችሁም። በወር አንድ ምሽት መጥታችሁ የምትሠሩት ሥራ ምን እንደሚባል፣ እንዴት እንደገባችሁበት ንገሯቸው። ለአንድ ልጅ ስልካችሁን ክፈቱለት። ከላይ እንዳልነው ትልቁ የጎደለው ነገር የሚጠየቅ ሰው ነው።

ወላጆችም ለኮርስ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ። ተማሪው የሚለማመድበት ሰርቨር አለ ወይስ ትምህርቱ በሥዕል ብቻ ነው? ሊኑክስ ይማራል? ሲጨርስ ሥራ የሚያስገባ ሐሳማ አላችሁ? ባለፈው ዙር ከጨረሱት ስንቱ በሙያው ገቡ? መልሱ በጽሑፍ ይሰጠን በሉ። ለዚህ የሚያመነታ ቦታ ካጋጠማችሁ ፒካዶኑን ይዛችሁ ውጡ። ልጁ ቤት ውስጥ በነፃው ቅጂ ሦስት ወር ሞክሮ ሥራው ይስማማው እንደሆነ አይቶ ቢከፍል ይሻላል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን አደራ የማይበላ ሰው ምን ያህል እንደሚከበር አስተምረውናል። ዛሬ የሰው ደመወዝ፣ የሐኪም ውጤትና የጡረታ ክፍያ በእንዲህ ያለው ሰርቨር ላይ አደራ ተቀምጦ ያድራል። ያን አደራ ከሚጠብቁት መካከል የቂርያት ማላኪ፣ የገዴራና የያቭኔ ልጆች እንዲበዙ እንመኛለን፤ ለዚህም የመጀመሪያዋን ኮምፒዩተር ማትናስ ውስጥ ማስቀመጥ የእኛ ድርሻ ነው። ቸር ይግጠመን።